ዝናቡ ያጠፋት ጀልባ

የራዳር ተቆጣጣሪው ኤርዋን እንዲህ አለ፦ «ዝናቡ እየወረደ ሳለ የአለቃዬን የፓክ ዛይናልን ጀልባ በራዳሩ በደንብ አየኋት። ሌላ ጀልባ መጥታ ተጠጋቻት፤ የአታን ጀልባ ናት። ከዚያ የአለቃዬ ጀልባ ጠፋች።»

ዓሣ አጥማጁ አታን ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ዝናቡ ሲጀምር መረቤን ሰብስቤ ገባሁ። ቆርቆሮ ሥር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ያየኝ ሰው የለም፤ ጥፋቴ እሱ ነው።»

የመርከብ መቆጣጠሪያ ጣቢያው አለቃ ፓክ ዛይናል፣ ዓሣ ሊያጠምድ በወጣ ማግስት፣ ከተገለበጠች የእንጨት ጀልባው ሥር ሞቶ ተገኝቷል። በአንገቱ ያንጠለጠላት የእጅ ሬዲዮ በጣቢያው መስመር ላይ እንደተከፈተች ነበረች። የደሴቱ ሰው ጣቱን አታን ላይ ቀስሯል፤ መርከብ በሚያልፍበት መረብ እንዳይጥል አለቃው ሲከለክለው በሰው ፊት ተሰዳድበው ነበር። ከባታም ከተማ የመጣችው መርማሪ ሱላስትሪ ግን ካቴናውን ከቦርሳዋ አላወጣችም። መጀመሪያ ወደ ጣቢያው ማማ ወጣች።

ክፍሉ መጋረጃው ተዘግቶ ጨለምለም ብሏል። በራዳሩ ማያ ላይ መርከቦቹ እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ አንዱም አይቆምም።

«ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስታወራ ነው የምትውለው?» አለችው ኤርዋንን።

«ከብዙ ሰው ጋር፣ ቡ» አላት በአክብሮት። «ግን ስሜን የሚያውቅ የለም። ‹ጣቢያ› ነው የሚሉኝ።»

«ቤተሰብህስ?»

«ሜዳን ከተማ ናቸው። ትናንት የልጄ የፊት ጥርስ ወለቀ። ‹ሳወራ ያፏጫል› እያለች ስትስቅብኝ ነበር።» ፊቱ ለአፍታ በራ።

«ትናንት ከወንበሩ ተነሥተህ ነበር?»

«ተረካቢ ሳይመጣ? ፓክ ዛይናል ይገድለኝ ነበር!» አለና ፊቱን ወደ ማያው አዞረ።

ሱላስትሪ ወደ ኩሽናው ወረደች። ምግብ አብሳይዋ ማርሊና ዓሣ እየጠበሰች ነበር።

«ከአለቃው ጋር አትስማሙም ነበር አሉ።»

«ጨው በዛ እያለ ይጮህብኝ ነበር። በጨው ሰው አይገደልም፣ ቡ!» ሱላስትሪ ስልኳን ከፍ አድርጋ ኔትወርክ ስትፈልግ አይታ ሳቀች። «አይድከሙ። ላይ ቤት ጭራሽ አይሠራም። ታች የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲቀመጡ ብቻ ነው የሚይዘው። ናፍቆታችንን ሁሉ የምንወጣው እዚያ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ሱላስትሪ ኤርዋንን፣ አታንንና ማርሊናን ማማው ላይ ሰበሰበቻቸው። የአታንን ወንድም በአታን ጀልባ ወደ መርከቦቹ መተላለፊያ ዳር ልካዋለች።

ዝናቡ ደረሰ። ማያው በሙሉ ነጭ ሆነ። ኤርዋን ማንም ሳያዘው እጁን ሰዶ ከራዳሩ ቁልፎች አንዱን አዞረ፤ ነጩ ጠፍቶ ትልልቆቹ መርከቦች ብቻ ቀሩ።

«የአታን ጀልባ የት አለች?» አለች ሱላስትሪ።

የኤርዋን ጣት ወደ ማያው ሄደና ተመለሰ።

«የለችም» አለች ራሷ። «ዝናቡን ስታጠፋው ትናንሾቹ ጀልባዎች አብረው ይጠፋሉ። ብትተወው ደግሞ ሁሉም ነጭ ነው። ትናንት ሁለት የእንጨት ጀልባ አላየህም።»

«ታዲያ ለምን በእኔ ላይ?» አታን ተንደረደረ። «ምን በደልኩህ አንተ?»

«ወንበሩ ላይ ስላልነበረ ነው» አለች ሱላስትሪ። «በሬሳውም በጀልባዋም ላይ የምት ምልክት የለም። የገለበጣት የሚያልፍ መርከብ ያስነሣው ማዕበል ነው። ፓክ ዛይናል ግን ወዲያው አልሞተም። ትናንት በዚህ ያለፈ መርከብ ካፒቴን በሬዲዮ ነግሮኛል፤ በዝናቡ መሀል አንድ ሰው ‹ጣቢያ፣ ጣቢያ› እያለ ሲጣራ ሰምቷል። ጣቢያው ይመልሳል ብሎ ዝም አለ። ኤርዋን፣ ከወንበሩ አልተነሣሁም ብለኸኛል፤ የልጅህን ሳቅ የሰማኸው ግን ትናንት ነው። ስልክ የሚይዘው ደግሞ ደረጃው ሥር ብቻ ነው።»

ማርሊና አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ትንሽ ነው የቆየሁት» አለ ኤርዋን ቀስ ብሎ። «ስመለስ ሬዲዮው ጸጥ ብሎ ነበር። ሬሳው ከነሬዲዮው ሲገኝ ነው የገባኝ። ከዚያ... ጥፋቴን ከመናገር የሰው ስም መጥራት ቀለለኝ።»

ሱላስትሪ ካቴናውን አወጣች። በዚያው ቅጽበት ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፦ «ጣቢያ፣ ጣቢያ፣ ወደ መተላለፊያው እየገባሁ ነው።»

ኤርዋን እጁን አልዘረጋም፤ መርማሪዋን አየ። ከባታም የሚላከው ተተኪ የሚደርሰው በማታው ጀልባ ነው። ከእሱ በቀር ይህን ሥራ የሚያውቅ በክፍሉ ውስጥ የለም።

አታን የፕላስቲክ በርጩማ ጎትቶ ከወንበሩ አጠገብ አስቀመጠና ተቀመጠበት።

«መልስለት» አለው ኤርዋንን። ከዚያ ወደ ሱላስትሪ ዞረ። «ወንድሜ አሁንም ውጭ ነው፣ ቡ። ተተኪው እስኪመጣ ድረስ ይህ ሰው ከዚህ ወንበር አይነሣም። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ።»