ለአርባ ቀን ብቻ

ከተማዋን የከደናት ሰው ሠራሽ ጣሪያ ለእሁድ የሚሆን ስስ ደመና ዘርግቷል። የውብዳር መነጽሯን አድርጋ ልቦለድ ታነባለች። ወረቀቱ ላይ የታተመችው ልጅ በወባ ትሞታለች፤ የውብዳር ግን ልጅቷ ስትድን አነበበችና እፎይ አለች። መነጽሩ አባባይ ይባላል፤ የሚያስለቅስ ጽሑፍና ፎቶ ሲያገኝ አርሞ ነው የሚያሳየው። በዚህ ከተማ ሀዘን የደረሰበት ሁሉ ያደርገዋል፤ ሲያነብም ፎቶ ሲያይም አያወልቀውም።

ባሏ አስናቀ ጡረታ የወጣ ፎቶ አንሺ ነው። ልጃቸው ምንትዋብ በሰባት ዓመቷ ስትሞት ዘመድ አዝማዱ፣ "እናቷ ፎቶዋን ካየች አንጀቷ ይቆረጣል፤ ደብቅ" አለው። የቱን ይደብቅ? ያሳተመው የፎቶ መጽሐፍ እንዳለ በር ላይ የቆመችው ምንትዋብ ናት። ስለዚህ የልጅቱን መልክ እንዳያሳይ አባባዩን አዘዘው፤ ለአርባ ቀን ብቻ። አርባው አለፈ፤ ሙት ዓመቱም አለፈ። ሚስቱ መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ነገ እነግራታለሁ ሲል ሃያ ሦስት ዓመት ነጎደ። ፈሪ ነው፤ ራሱም ያውቀዋል።

"አስኔ፣ መጽሐፍህን እስቲ ወዲህ በለው። እነዚያ ባዶ በሮችህ ናፈቁኝ" አለች እየሳቀች። ዕድሜ ልኩን ሰው የሌለበት በር ሲያነሳ ኖረ እያለች ትቀልድበታለች።

አቀበላት። ገጹን ስትገልጥ መነጽሩ ተንጣጣና ጨለመ። አወለቀችው። አስናቀ ይቺን ደቂቃ ሲፈራትም ሲመኛትም ኖሯል። ታልቅስ፣ ትርገመው፤ ብቻ ልጃቸውን አብራው ትያት።

ፎቶው ውስጥ በሩ ላይ አንዲት ልጅ በአንድ እግሯ ቆማ ትስቃለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። የውብዳር ገጹን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው።

"ውይ ስታምር! ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?"

የምንትዋብን ስም አንድም ቀን ረስታ አታውቅም። መልኳን ግን ያን ሁሉ ዓመት ከዓይኗ ሲሰርቅ የኖረው አስናቀ ራሱ ነው።

"የማን ናት አልኩህ እኮ?"

"የጎረቤት" አለ።

"እናቷ ታድላ!" የልጅቱን ጉንጭ በጣቷ ዳበሰች። "የኔዋም ያኔ ይቺን ታክል ነበር።"

አስናቀ መነጽሩን አንስቶ ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ከእንግዲህ ያቺን ልጅ በመልኳ የሚያውቃት ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። እሱ ሲሞት ሁለተኛ ትሞታለች፤ ያኔ ደግሞ አልቃሽም የላትም።

"ቶሎ ጠግንልኝ እንጂ" አለች የውብዳር ልቦለዷን እያነሳች። "ልጅቷ ከዳነች በኋላ ምን እንደሆነች ልወቅ።"

"እሺ" አለ አስናቀ።