ብል የበላው የጳጳሱ አርማ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሻዬን ሳልጨርስ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ይህንን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ደግሞ ጀመረው" ብዬ ጥዬው እሄድ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ሰው ቤት ዘግቶ ተሰብስቦ ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ማውራት ይወዳል፣ እኔ ግን አንድም ቀን አምኜ አላውቅም፣ ሥራዬም ለእምነት አይመችም መሰለኝ፣ የቤተ ክርስቲያን አልባሳት ጥልፍ ነው የምሠራው፣ የካህናት ካባ፣ መጋረጃ፣ ጃንጥላ፣ ጥልፍ ደግሞ እመኑኝ ምንም የሚያወዛግብ ነገር የለውም፣ ክሩ ወይ ገብቷል ወይ አልገባም፣ በቃ።

ነገሩ የሆነው ባለቤቴ አስካለ ካረፈች በኋላ፣ ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ነው። አብረን ነበር የምንሠራው፣ እኔ በማሽን፣ እሷ በእጅ፣ ማሽን የማይደርስበትን ፊት፣ ጣት፣ የመላእክት ክንፍ ጫፍ የምትሠራው እሷ ነበረች። ስትሞት አላለቀስኩም፣ ነጠላዬን ለብሼ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ለቀስተኛው በጎን እያየኝ "ልቡ ደንድኖ ነው" ሲል እሰማ ነበር፣ ግን እንደዚያም አልነበረም፣ እጃችሁን ተንተርሳችሁ ተኝታችሁ ስትነሱ እንዴት ይደነዝዛል፣ ታዩታላችሁ፣ የእናንተው ነው፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው ነው፣ ልክ እንደዚያ ነበርኩ፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ማታ ቤቴን ቆልፌ እተኛለሁ።

ሰኔ ላይ መምሬ ሽፈራው የሚባሉ ካህን ደወሉልኝ፣ ከአንኮበር ወደ ቆላው ስትወርዱ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ ደብር አስተዳዳሪ ናቸው። "የጥንት ጳጳስ ካባ አለን ልጄ፣ ጀርባው ላይ አርማቸው ተጠልፏል፣ እሱ ጨርሶ ሳይበጣጠስ አምሳያውን ሥራልን" አሉኝ። የጳጳስ አርማ ስላችሁ ማኅተማቸው ላይና ካባቸው ላይ የሚያደርጉት የራሳቸው ምልክት ማለቴ ነው፣ ጋሻ ይመስላል፣ ጋሻው ውስጥ ያ ጳጳስ ለራሳቸው የመረጡት ነገር ይሳላል፣ አንዱ በግ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ መርከብ ይመርጣሉ፣ አርማውን ያየ ካባውን የለበሰው ማን እንደሆነ ያውቃል።

ጠዋት በሚኒባስ አንኮበር ደረስኩ፣ ከዚያ በእግሬ ወረድኩ። ጉሙ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይመጣል፣ ይሸፍናችኋል፣ ያልፋል፣ ደግሞ ይመጣል። መምሬ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ናቸው፣ መስቀላቸውን አሳልመውኝ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዱኝ፣ በድንጋይ የተሠራች፣ አንዲት በርና አንዲት ጠባብ መስኮት ያላት ክፍል ናት። ሳጥኑን ከፍተው ካባውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ።

ወይን ጠጅ የነበረ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። ጋሻው አራት ቦታ ተከፍሏል፣ ከላይ በአንደኛው የመስቀል በትር፣ በሁለተኛው ፋና፣ ከታች በግራ በኩል ተራራና ከሥሩ የሚወጣ ምንጭ፣ በቀኝ በኩል ግን ምንም የለም። ብል በልቶታል፣ የበላውም ጥልፉን ብቻ ነው፣ ከሥር ያለው ገበር የድሮው መርፌ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶበት ባዶውን ይታያል።

"እዚህ ላይ ምን ነበረ መምሬ?"

"የሚያውቅ የለም። ከእኔ በፊት ደብሩን ያስተዳድር የነበረው አባቴም እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘው። ባዶውን ተወው፣ ከራሳችን ፈጥረን ብንጨምር ጳጳሱን ሌላ ሰው ማድረግ ነው።" ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው "አደራ ልጄ፣ መርፌ እንዳታስነካው፣ አይተህ ሣል እንጂ ካባውን መጠገን አይፈቀድም" አሉኝ።

እኔም መርፌ እንኳ አልያዝኩም ነበር፣ ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ ብቻ ነው ቦርሳዬ ውስጥ ያለው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ባዶውንም ለብቻው አነሳሁ፣ ፎቶው አሁንም አለኝ። እሳቸው ፍትሐት አለብኝ ብለው ሄዱ፣ በሩን ከውጭ ገርበብ አደረጉት።

ብርሃን ስላነሰኝ ወረቀቴን ይዤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ካባው ከኋላዬ ነው ማለት ነው። የመስቀል በትሩን ስዬ ፋናው ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ክር ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ የእኛን ሥራ የሠራ ያውቀዋል፣ ጥርርር ይልና ጥብቅ ሲል ይቆማል፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ጥርርር። አይጥ ነው አልኩ። መሳሌን ቀጠልኩ። አይጥ ግን ይቸኩላል፣ ይሄ አይቸኩልም፣ እያሰበ የሚሠራ ሰው ዓይነት ዕረፍት ነበረው። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው የክር ጫፍ በከንፈሩ አርጥቦ በጥርሱ ሲቀጭ ሰማሁ፣ ቅጭ።

ለምን እንዳልዞርኩ አትጠይቁኝ። ፈርቼ ነው ብል እዋሻለሁ፣ ፍርሃት ቢሆን ደስ ባለኝ። ቆሜ ሰማሁት፣ ያ ብቻ ነው። ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፣ ወረቀቴ አልታይ አለኝ፣ እኔ ግን እርሳሴን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፣ ሥራው ከኋላዬ ይቀጥላል፣ ቤቴ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ የምሰማው ይመስል።

ጉሙ ሲገለጥ ድምፁ ቆመ። ዞርኩ። ማንም የለም፣ በሩም እንደ ተገረበበ ነው። ካባው ላይ ግን፣ ብል የበላው ባዶ ቦታ ጥግ ላይ፣ ጥልፍ ተጀምሯል። ጥቂት ነው፣ ጎበጥ ያለች አንዲት መስመር፣ ቀይ ክር። በጣቴ ነካሁት፣ የክሩ ጫፍ እርጥብ ነበር።

ካባውን ገልብጬ የጥልፉን ጀርባ አየሁ። አስካለ ክር ስትጨርስ እንደ ሰው አትቋጥርም ነበር፣ በተሠራው ሥር ሁለቴ አሳልፋ የገብስ ፍሬ የምታህል ጭራ ትታ ትቀጨዋለች፣ "ይሄ ጭራ ያሳፍረናል" እያልኩ ስንት ዓመት ተጨቃጭቀናል። ጭራዋ እዚያ ነበረች። አስካለ የመዘዞ ልጅ ናት፣ አንኮበርን አይታ አታውቅም። ቆሜ ጭራዋን አየኋት፣ አሁንም አላለቀስኩም፣ ያችን ጭራ መቁረጫ ቢኖረኝ እቆርጣት ነበር ብዬ ብቻ አሰብኩ።

መምሬ የገቡት በዚህ መሃል ነው። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ካባውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ተናገሩ።

"ምን አደረግህ?"

"እኔ አይደለሁም መምሬ።"

"መርፌ እንዳታስነካው አላልኩህም?"

"መርፌ የለኝም፣ ይፈትሹኝ" ብዬ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፣ ኪሴን ገለበጥኩ። አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩት፣ ምንም አላገኙም፣ ግን ጠላፊ እኔ ነኝ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበርኩትም እኔ ብቻ ነኝ፣ እናንተስ ብትሆኑ ማንን ትጠረጥሩ ነበር?

"የሰማሁትን ልንገርዎት?" አልኳቸው።

"አትንገረኝ። በሰላም ሂድ።" ካባውን አጣጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ፣ ቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ካለው ማተብ ጋር አሰሩት። ሳያሳልሙኝ ሸኙኝ። ዳገቱን ስወጣ ስለ ስሜ መጥፋት ማሰብ ነበረብኝ፣ ይሄ ወሬ አጥቢያ ላጥቢያ ቢዞር ሥራ የሚሰጠኝ የለም፣ እኔ ግን እግሬን እያየሁ ብቻ ወጣሁ።

ወሬው አልዞረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መምሬ ራሳቸው ደወሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "ይቅር በለኝ ልጄ፣ በድዬሃለሁ" አሉ። ሳጥኑ እንደ ተቆለፈ ነበር፣ ቁልፉም ከአንገታቸው አልወረደም፣ ካባውን ሊያናፍሱ ቢከፍቱት መስመሯ ረዝማለች። "አንተ እያለህ የተጀመረችው መስመር ምን እንደሆነች አሁን ታወቀኝ፣ ትከሻ ናት፣ የሰው ትከሻ።"

"እሺ" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ይደውላሉ፣ እኔ አልጠይቅም፣ እሳቸው ይነግሩኛል። ነጠላ የለበሰ ሰው ነው፣ አሉ አንዴ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቁጭ ያለ ነው፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጓል፣ አሉ። ለበላይ አካል ላመልክት ወይስ ዝም ልበል እያሉ ግራ ገብቷቸዋል፣ አንድ ቀንም "ከጳጳሱ ጋር ማን ነው የተቀመጠው?" ብለው እኔን ጠየቁኝ፣ እኔ ምን ላውቅ።

ባለፈው ደውለው "አልቋል ማለት ይቻላል፣ ፊቱ ብቻ ነው የቀረው፣ ቅርጹ ወጥቷል፣ ዓይንና አፍ ነው የጎደለው፣ መጥተህ እይልን" አሉኝ።

"አልመጣም መምሬ።"

"እንግዲያው ሲያልቅ ልደውልልህ?"

ማሽኑ አጠገብ ያለችው የአስካለ ወንበር ላይ የጨርቅ ቁራጭ ከምሬባታለሁ፣ እሱን እያየሁ ነበር። "አይደውሉልኝ" አልኳቸው፣ እሳቸውም "እሺ፣ እንዳልክ" ብለው ዘጉት።

ዛሬ ጠዋት የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋሁ ስልኩ ጮኸ፣ የመምሬ ቁጥር ነው። እስኪቆም ጠበቅኩት። ቆመ። ደግሞ ጮኸ። ይሄን ስነግራችሁም አልፎ አልፎ ይጮሃል፣ እስካሁን አላነሳሁትም።