ያልተገጠመው አራተኛ ካሜራ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ወረታ ላይ ስለ ብርሃንና ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፣ ተማሪዎቼ ስለ ውሃ ጋኔን ሲያወሩ ከሰማሁ ጠመኔዬን አስቀምጬ "መጀመሪያ ማስረጃ!" የምል ሰው ነኝ። አሁን ማስረጃው እጄ ላይ አለ፣ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

ነገሩ የአባቴ ነው። አባቴ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ቁሐር ሚካኤል በሚባል ገጠር ሩዝ እያመረቱ ከብት እያረቡ የኖሩ ገበሬ ናቸው፣ እናቴ ስትሞት ብቻቸውን መኖር አልሆነላቸውምና ወደ ወረታ አመጣኋቸው፣ ከእኔና ከባለቤቴ ከየሺ ጋር መኖር ጀመሩ። እያደር መርሳት ያዛቸው፣ መጀመሪያ የየሺን ስም፣ ቀጥሎ የእናቴን ሞት፣ በመጨረሻም ከብቶቹ መሸጣቸውን ረሱ፣ ታዲያ ዘወር ስንል ዱላቸውን ያነሡና "ላሞቹን ውሃ ሊወስዳቸው ነው" እያሉ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ሦስት ጊዜ ጠፍተው ሦስት ጊዜ መለስናቸው፣ በሦስተኛው የተገኙት ሩዝ ማሳ መካከል፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው፣ ያውም ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር፣ ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ ባሕር እንደሚመስል አገሩን ያየ ያውቀዋል።

"ታፈረ፣ ለእሳቸው የሚያስፈልጋቸው ሰው ነው" አለችኝ የሺ፣ "አክስቴን ከአንበሳሜ ላምጣት፣ አጠገባቸው ትቀመጥ።"

"ሰው ይሰለቻል፣ ሰው ይተኛል" አልኳት፣ "ካሜራ አይተኛም።"

ወደ ማጀት ገባች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ባሕር ዳር ሄድኩ።

ካሜራ የሚሸጠውና የሚገጥመው ሲሳይ የሚባል ጎልማሳ ነው፣ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። አንደኛው ሽቦ የሌለው፣ በስልክ የሚታይ፣ ሲያዩት የሚያምር ነው። "ኔትወርክ ሲጠፋስ?" ብዬ ብጠይቀው "ያን ጊዜማ ዕውር ነው" አለኝ፣ ሳይደብቅ። ሁለተኛው ባለ ሽቦ ነው። "ይኼ ተንኮል የለውም መምህር፣ ሽቦው ከካሜራው ተነሥቶ እዚህ መቅረጫ ሳጥን ጀርባ ላይ ይሰካል፣ በሽቦው የመጣውን ያሳይዎታል፣ በሽቦው ያልመጣውን አያሳይዎትም። ድምፅ ግን አይቀርጽም፣ ምስል ብቻ ነው" አለኝ። እመነኝ፣ ልቤን የሞላው ይኼ አነጋገሩ ነው፣ ለክፍል የምናገረውን መሰለኝ፣ ወዲያው ባለ ሽቦውን መረጥኩ፣ መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪም ጨመርኩበት።

ሳጥኑ አራት ካሜራ ይቀበላል፣ እኛ ግን ለግቢው በር፣ ለጓሮውና ለሳሎኑ ሦስት ብቻ ገጠምን። ሰው በበሩ ካለፈ ሳጥኑ ይጮሃል። ሳሎን ከሳጥኑ ጋር የተቀመጠው ስክሪን ለአራት ይከፈላል፣ በሦስቱ ግቢያችንና ቤታችን ይታያል፣ አራተኛው ምንም ስላልተሰካበት ጥቁር ነው።

አባቴ ታዲያ በርጩማቸውን ስበው እፊቱ ይቀመጡ ጀመር፣ የሚያዩት ግን ጥቁሩን ነው።

"አባ፣ ምን እያዩ ነው?"

"ውሃውን ነዋ።"

"የትኛውን ውሃ?"

በዱላቸው ጫፍ ጥቁሩን ነካ አደረጉና "ሞላ እኮ። አንተ አይታይህም?" አሉኝ። ሳቅሁ።

ሳምንት ሳይሆነው ሳሎን ውስጥ እንቁራሪት እሰማ ጀመር። ክረምት ነው፣ ወረታ ላይ እንቁራሪት የማይሰማበት ቤት የለም ትለኛለህ፣ እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ግን ወደ ሳጥኑ ስጠጋ ይበረታል፣ ስርቅ ይቀጥናል፣ በመስኮት አንገቴን ባወጣ ደግሞ ውጭው ጭጭ ብሏል። የኤሌክትሪክ ድምፅ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን የሺ ገበያ ወጥታለች፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ የክረምት ተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ፣ በር ከተከፈተ ይጮሃል ብዬ ልቤን ጥያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ውሃ ልጠጣ ስወጣ በርጩማው ባዶ ነው። ሳጥኑ አልጮኸም። ስክሪኑን አየሁ፣ የግቢው በር ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው፣ ጓሮው ዝናብ ብቻ፣ ሳሎኑ ላይ የራሴ ጀርባ። አራተኛው ግን በርቷል።

ውሃ ነበር፣ እስከ ዳር የተኛ ውሃ፣ የሩዙ ጫፍ ብቅ ብቅ ብሎ ዝናብ ይመታዋል፣ አንዲት ዋርካ፣ ከኋላዋ ርቆ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ በመካከሉ አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይሄዳሉ። እጄን ወደ ሳጥኑ ጀርባ ሰደድኩ፣ የአራተኛው መሰኪያ ባዶ ነው፣ ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ ገባ፣ በሽቦ የመጣ ነገር የለም። ቀና ስል አባቴ ዞረዋል፣ ያዩኛል።

ከዚያ የማስታውሰው የግቢውን ቁልፍ ከፍቼ መሮጤን ነው። ውጭው ደንገዝገዝ ብሏል፣ ዝናቡ ነው ያጨለመው አልኩ። ዋርካዋን አውቃታለሁ፣ የድሮ ማሳችን ዳር ናት። ባጃጁ ውሃው የዘጋው መንገድ ላይ አወረደኝ፣ ሁለት ገበሬዎች በታንኳ አሳፈሩኝ፣ ስንደርስ ውሃው ለሰው ደረት ይደርሳል፣ ሰው የለም። ጋቢያቸው ቅርንጫፍ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አንደኛው ገበሬ አወረደውና ዳሰሰው፣ ለጓደኛው አቀበለው፣ እሱም ዳሰሰው፣ ከዚያ ሁለቱም አማተቡ፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ ጋቢው ደረቅ ነበር።

ቀናት ፈለግን፣ አገር ወጣልን፣ ሬሳ እንኳ አላገኘንም። ዘመድ ድንኳን እንትከል ይላል፣ እኔ ምን ብዬ እንደማለቅስ አላውቅም፣ ሞቱ ልበል ወይስ ጠፉ? የሺ አንድም ቀን "ብዬህ አልነበር" አላለችኝም፣ ብትለኝ ይሻል ነበር።

በኋላ ሲሳይን አስመጥቼ የተቀረጸውን አስከፈትኩት። አራተኛው ላይ አንዳች የለም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥቁር ነው። የበሩ ካሜራ ላይ ማንም አልወጣም። የሳሎኑን ሲከፍት አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ከበርጩማው ተነሥተው ወደ ደጅ ሲያልፉ ታዩ፣ ቀጥሎ እኔ መጣሁ፣ ሳጥኑን በእጄ ዳሰስኩ፣ ቆምኩ።

ሲሳይ ቪዲዮውን ማስሮጥ ጀመረ። ቆሜያለሁ። አሁንም አስሮጠው። ቆሜያለሁ፣ አልነቃነቅም፣ የመስኮቱ ብርሃን ግን እየደበዘዘ ይሄዳል። ወዳጄ፣ እኔ እዚያ የቆምኩት ለዐይን ጥቅሻ ያህል ነው፣ በእናቴ አጥንት እምልልሃለሁ፣ የቪዲዮው ሰዓት ግን ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ መቆሜን ቆጥሯል።

"ታፈረ፣" አለች የሺ፣ ከእኔ ራቅ እያለች፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ቆመህ ምን ታይ ነበር?"

ስክሪኑን አጠፋሁት። እሷም ሲሳይም ያላዩት ሌላ ነገር አለ፣ ብቻዬን ሆኜ ደጋግሜ ሳየው ነው ያገኘሁት፣ ልሮጥ ጥቂት ሲቀረኝ ፊቴ ወደ ካሜራው ትንሽ ዘንበል ይላል፣ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። ከአንድ ሰው ጋር እያወራሁ ነው። የሚጠይቀኝ ነገር እንዳለ ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ እሰማለሁ፣ ከዚያ አንገቴን ነቅነቅ አደርጋለሁ፣ እሺ ብሎ እንደሚፈቅድ ሰው።

ካሜራው ድምፅ አይቀርጽም። ምን ጠይቀውኝ ምን እንደፈቀድኩ አላውቅም።