የመጀመሪያው እምቢታ

ልብስ ሰፊዋ የአንድ ቀሚስ ጠርዝ እየተረተረች ነበር። ረጋ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው፤ እሷ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያናደዳትን ሰው የምትመዝ ይመስል ክሩን ትመዘው ነበር።

ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሁለቱም ከአንድ አገር የተሰደዱ ናቸው፤ እሱ ከመጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ እሷ ገና ሁለት። አንድ ዓመት ያህል ከሥራ መልስ አብረው ሲሄዱ ቆዩና አንድ ቀን አግቢኝ አላት። እሷም እንዳደገችበት አንገቷን ደፍታ እምቢ አለች። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያው እምቢ፣ በሁለተኛው ዝም፣ በሦስተኛው እሺ።

እሱ «ውሳኔሽን አከብራለሁ» ብሎ ጨብጧት ሄደ። ጨብጧት። እንደ ባንክ ሠራተኛ።

ትናንት ደግሞ አክስቷ አውቶቡስ ውስጥ የሰማችውን ይዛ መጣች። እንዳያስጨንቃት ብሎ መስመር አስቀይሯል፤ ከሰኞ ጀምሮ የሚነዳው በከተማው ሌላ ጫፍ ነው።

በሩ ተከፈተ። ራሱ ሹፌሩ ነው፣ የደንብ ልብሱን ኮት ይዞ። ከኮቱ ለተበጠሰች አንዲት ቁልፍ ስልክ ደውሎ ቀጠሮ አስይዟል።

«ካስቸገርኩሽ ሌላ ቦታ…»

«ዝም በል እስቲ። ስንቴ ነው የጠየቅኸኝ?»

«አንዴ። እምቢ አልሽ።»

«እና? እናትህ ቤት እንግዳ አልበላም ሲል ገበታው ይነሳ ነበር?»

ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እዚህ አገር መጀመሪያ በተቀጠረበት ቤት ምሳ ሲሰጡት፣ እስኪለምኑት እየጠበቀ እምቢ ሲል ሁለት ሳምንት በባዶ ሆዱ እንደሠራ ነገራት። ሁለተኛ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«በረሃብ ነው የተማርኩት» አለ። «አሁን ደግሜ ብጠይቅሽ፣ አስጨንቄ አገባኋት እያልኩ ዕድሜ ልኬን አስባለሁ። አይሆንልኝም።»

የባሰ የሚያናድደው፣ ክፋት የለበትም። እሱ አይጠይቅ፣ እሷ ስትጠብቅ፣ ሰኞ ሊደርስ ነው። በሕይወቷ ሰው ጠይቃ አታውቅም፤ የደመወዝ ጭማሪ እንኳ። ፊቷ ጋለ።

«እንግዲያው አግባኝ» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል።

ቀና ብላ አየችው። ሳቁን አፍኖ «እምቢ» አላት።

«ጥሩ። ውሳኔህን አከብራለሁ።»

«እሺ፣ እሺ» አለ ደንግጦ። «አንቺ ልጅ፣ እሺ ነው ያልኩት።»

ወደ ድሮ መስመሩ እንዲመለስ አዘዘችው። ማመልከቻ መጻፍ አለብኝ አላት። በረጅሙ ተነፈሰችና ወረቀት ሰጠችው። እሱ ቆሞ ሲጽፍ ቁልፏን ተከለች፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ኮቱን መስቀያው ላይ ሰቀለችው።