ቆጣሪው የተነቀለ ቀን

ወንድሜ ዘለቀ የሚስቴን የመብራት ቆጣሪ ከእኔ ቤት አስነቅሎ፣ በራሱ ግድግዳ ላይ፣ በራሱ ስም ሊያስተክል ማመልከቻ አስገባብኝ። በደሉ ይኸው ነው፣ አላሳምረውም። ያስገባውም እኔ ለቀብር ወደ ግራና ከተማ በሄድኩበት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ልበልህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ጎረቤቶቼ ጥላ አየን፣ ድምፅ ሰማን ሲሉ "ጠጥታችሁ ነው" ብዬ የማባርር ነኝ፣ ጠንቋይ ቤት ደርሶ የመጣ ሰው ካገኘሁ ሰላምታም አልሰጠው። ይሄንንም የምጽፈው ራሴ በእጄ ነው፣ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ አጻጻፌ ቢሳሳት እለፈኝ፣ ነገሩ ግን አልተሳሳተም።

መርሳ ከተማ ያለው ቤታችን የአባታችን ነው። ሲሞት ዕጣ ተጣጣልን፣ የመንገድ ዳሩ ግማሽ ለዘለቀ፣ የውስጡ ግማሽ ለእኔ ደረሰ፣ መሃላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ቀረ። ቆጣሪው በዚያ ግድግዳ ላይ በእኔ በኩል ተሰቅሎ ለሁለታችንም ያበራል። ያስገባችው ሚስቴ የሺ ናት። እኔ ያኔ መፈረም አልችልም፣ እሷ መሠረተ ትምህርት ስለተማረች ስትመላለስ ከርማ በስሟ አስገባችው። እሑድ እሑድ በርጩማ ላይ አቁማ በመስታወቱ ውስጥ የሚታዩትን ቁጥሮች ታስነብበኝ ነበር፣ በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ነገር ያ ቆጣሪ ነው። ከቁጥሩ በኋላ ፊደል አስጀመረችኝ፣ እጄን በእጇ ይዛ።

የሺ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። በጦርነቱ መንገድ በተዘጋበት በዚያ ጊዜ ሆዷን አመማት፣ ወልድያ ሳናደርሳት ጋሪ ላይ፣ ክንዴ ላይ አለፈች።

የቆጣሪ ስም መቼም እንደምታውቀው ሰው ስለሞተ አይቀየርም፣ የስንቱ ቤት መብራት የሚበራው በሟች ስም ነው። ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ በር ላይ ቆሞ "ወይዘሮ የሺ!" ብሎ ይጣራል፣ እኔም "አለች፣ ግባ" እለዋለሁ። ሞታለች ካልኩ የሞት ምስክር ወረቀት አምጣ፣ ወራሽነትህን አሳይ ሊመጣ ነው፣ መጀመሪያ ያንን ሽሽት ነበር። ኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በወር አንድ ቀን "አለች" ማለት ደስ ይለኝ ጀመር።

ዘንድሮ ዘለቀ ቤቱን በብሎኬት ላድስ ብሎ ተነሳ። የመሃሉ ግድግዳ መፍረስ፣ ቆጣሪውም መነሳት ነበረበት፣ እዚህ ድረስ አልተቃወምኩም። "እዚሁ ቤቴ ውስጥ ሌላ ግድግዳ ላይ ይዙር፣ ስሙም እንዳለ ይቆይ" አልኩት።

"አያ ደምሴ፣ የሞተ ሰው ስም ምን ያደርግልዎታል?" አለኝ። ታናሼ ስለሆነ አንቱ ይለኛል፣ ሲሰድበኝም በአንቱ ነው።

"አንተንስ ምን ነሳህ?"

"ሰው ይስቅብኛላ! ዘለቀ ይሄን የመሰለ ቤት ሠርቶ በሬሳ ስም ያበራል ይለኛል።"

በሬሳ ስም አለ። ከዚያ ነው እኔ ግራና ስሄድ ጠብቆ ማመልከቻውን ያስገባው።

የመብራት ሠራተኛው ከወልድያ የመጣው ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጨልሞ ነበር እንዳትለኝ። ሽበት የጀመረው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፣ መርሳን በአውቶቡስ ከማለፍ በቀር አያውቃትም። ምሰሶው ላይ ወጥቶ መስመሩን ቆረጠና ወርዶ ወረቀቱን አገላበጠ።

"ደንበኛዋ ራሳቸው ናቸው መፈረም ያለባቸው። ወይዘሮ የሺ አሉ?"

"አለች፣ ግባ" አልኩት። ማርያምን፣ አስቤ አይደለም፣ አፌ ለምዶ ነው።

ዘለቀ ሳቀና ክንዴን ያዘኝ። "እስኪ ይግባ፣ ያግኛት!" አለ። እኛ ግቢ ውስጥ ከብሎኬቱ ክምር አጠገብ ቆመን ስንነታረክ ሰውየው ገባ።

መጀመሪያ በርጩማ ሲጎተት ሰማሁ፣ ሊቆምበት ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ማውራት ጀመረ። "እሺ... እሺ እትዬ... ከፍ ይበል?" ይላል፣ ዝም ይላል፣ ልክ መልስ እንደሚሰማ ሰው፣ ደግሞ ይስቃል። ስልክ ይዞ ነው አልኩ በልቤ፣ ስልኩ ግን ሞተር ሳይክሉ ላይ ከቦርሳው ጎን ይታየኛል። ዘለቀም ንትርኩን ትቶ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል፣ ክንዴን የያዘበት እጁ ላላ።

ሰውየው በሩ ላይ ብቅ አለ። "አባባ፣ መስመሩን ቆርጫለሁ አይደል?"

"ቆርጠሃል።"

"ታዲያ ዲስኳ ለምን ትዞራለች?"

ገብቼ አየሁ። ቀይ ምልክት ያለባት ክቧ ብረት፣ መብራት ባለበት ቀን እንደምታደርገው፣ ቀስ ብላ ትዞራለች፣ ሽቦው ደግሞ ውጭ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም።

"ባለቤትዎ በጓሮ በር ወጡ መሰለኝ" አለ እቃውን እየሰበሰበ፣ "በበሩ ራስጌ ትከለው፣ ከዚህ ቤት አይውጣ ብለውኛል፣ ፈርመዋልም።"

የጓሮ በር የለንም።

ወረቀቱን ተቀበልኩት። በሰማያዊ እስክሪብቶ "የሺ" ይላል፣ ከጎኑ አራት ነጥብ። የሺ ስሟን ስትጽፍ በአራት ነጥብ ትዘጋዋለች፣ "ካልዘጋኸው ሌላ ሰው ይቀጥልበታል" ትለኝ ነበር። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

"ራሷ ላይ ምን አስራ ነበር?" አልኩት።

"እትዬ? አረንጓዴ ሻሽ መሰለኝ።"

ጋሪው ላይ አገጯን ያሰርኩላት በአረንጓዴ ሻሿ ነው። ለሰውየው ምንም አልነገርኩትም፣ ቆጣሪውን በበሩ ራስጌ ተክሎ መስመሩን መልሶ ቀጠለና ሄደ።

ዘለቀ ወረቀቱን አየና ወደ ቤቱ ገባ። በሳምንቱ ግን ሽማግሌ ሰብስቦ መጣ። "አያ ደምሴ ፊደል ከቆጠሩ ወዲህ የሟች እጅ መጻፍ ጀምረዋል፣ አስመስለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት" አለኝ። ተመልከት እንግዲህ፣ ዕድሜዬን ሙሉ መሃይም እየተባልኩ ኖሬ፣ መጻፍ ስችል ደግሞ አጭበርባሪ ሆንኩ። እሱ ራሱ እኮ ነው ያን ሰዓት ክንዴን ይዞ ውጭ የቆመው!

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ስሟን ጻፍ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ከወረቀቱ ጋር ቢያስተያዩት አንድ ነው። አንድ ካልሆነ ምን ሊሆን፣ ያስጻፈችኝ እሷ አይደለችም? ግን እመነኝ፣ ያን ጊዜ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ፣ ጎንበስ ብዬ ጣቴ ላይ ቀለም ፈለግሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ሼህ ይማም ናቸው፣ ከአባታችን ጋር አብረው ያደጉ። "ደምሴ ልጄ፣ ፈርመሃልም አልፈረምክምም አንልህም፣ ያን አላህ ያውቃል። አንድ ነገር መልስልን። ሚስትህ አለች ወይስ ሞታለች? አለች ካልክ ትምጣና ትናገር። ሞታለች ካልክ ይህ ወረቀት ይቀደድ፣ ቆጣሪው ግን ከቤትህ አይወጣም፣ በስምህ ይሁን። ዘለቀ የራሱን ያስገባ።"

ዘለቀ እሺ አለ። ፍርዱ ደግ ፍርድ ነው፣ አልዋሽም። እኔ ግን ያቺን ቃል እንኳን ለሽማግሌ ለራሴም በአፌ ብያት አላውቅም፣ በቀብሯ ቀን እንኳ ሰው አለቀሰ እንጂ እኔ ቃል አልወጣኝም። ሼሁ ይጠብቃሉ።

"ሞታለች" አልኩ።

መብራቱ ድርግም አለ። መብራት በየቀኑ ይሄዳል፣ ሰዎቹም ልብ አላሉት።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ መጥታ መፈረሟ አይደለም። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እሷ በፈረመችበት ክፍል ነው፣ ስለዚህ ያን ቀንም እዚያው ከነበረች፣ ያን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብላ መጥታ፣ እኔ ፊት ለፊቷ ሞተሻል አልኳት ማለት ነው። ይሄን የምጠይቀው ሰው የለኝም፣ ቄስም ጠይቄ ነበር፣ ጸልይላት ብሎኝ ሄደ።

ቆጣሪው በስሜ ዞሮ ነገሩ ያለቀው ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ የሚካኤል ማግስት ነው።