ያልተቆረጠው እባብ

ሄኑት የሬሳ ሣጥኑን ውስጡን በጨርቅ ልትጠርግ ጎንበስ ስትል ትናንት የሣለችውን እባብ አየች። እባቡ ሙሉ ነው። ከሁለቱ ቀንዶቹ አንሥቶ እስከ ቀጭን ጅራቱ ድረስ አንዲት ክፍተት እንኳ የለበትም።

ግቢው ውስጥ የሣጥን ጸሐፊው አባቷ አንኩ ከጓደኛዋ ከከሚ አባት ጋር ገመድ ያማርጣል። ሣጥኑን የሚጎትቱት በሬዎች ደጅ ቆመዋል። ሣጥኑ አሁን የከሚ እናት ዴዴት ተገንዛ ወደተኛችበት ቤት ይሄዳል፤ ነገ ደግሞ ወደ መቃብር።

ዴዴትን የገደላት እባብ ነው። ገብስ ስታጭድ ቀንዳሙ እባብ ቁርጭምጭሚቷን ነደፋት። ዛሬ ከሞተች ሰባኛ ቀኗ ነው፤ ገንዘው የሚጨርሱት በዚህ ቀን ነው።

ፊደሎቻቸው የወፍ፣ የእባብ፣ የዳቦ ሥዕሎች ናቸው። ሣጥን ላይ የተጻፈ ፊደል መቃብር ውስጥ ነፍስ እንደሚዘራ የማያውቅ የለም። የተሣለው ዳቦ ዳቦ ይሆናል፤ እባቡም እባብ። ለዚህ ነው አንኩ ከሙታን አጠገብ ሲጽፍ ወፎቹን ያለ እግር፣ እባቦቹን ለሁለት ቆርጦ የሚሥላቸው። አምና አንድ ጎልማሳ ሠዓሊ ለአንዲት ጫጩት እግር ስለሣለ አባሮታል። ሄኑት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የግርጌውን ጽሑፍ ብቻዋን እንድትጽፍ የተፈቀደላት ገና በዚህ ሣጥን ነው።

ትናንት የአጎቷ ልጅ ሰንቢ አጠገቧ ቀለም እየፈጨ ሲነጅሳት ዋለ።

«አንቺ እኮ እግር መሣል አትችዪም። ወፎችሽ ሁሉ ሽባ!»

«ዝም ብለህ ፍጭ።»

«እባብሽም ቆራጣ! እስቲ አንድ ጤነኛ ነገር ሣዪና እንይልሽ።»

ተናደደች። ብሩሹን ሳታነሣ፣ በአንድ ትንፋሽ ሙሉ እባብ ሣለች። ሰንቢ እንኳ አፉን ይዞ፣ «ወይ ጉድ! ሊሄድ ነው እኮ!» አለ። ሄኑት በደስታ ወደሚቀጥለው ፊደል አለፈች፤ መቁረጡን ረሳችው። አባቷም እጇን አምኖ፣ ልብ ብሎ ሳያይ ላዩን ሙጫ ቀባበት።

አሁን በጥፍሯ ፋቀችው። ሙጫው ድንጋይ ሆኗል። ጥፍሯ ተሰበረ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ከሚ ከኋላዋ።

ሄኑት እባቡን በመዳፏ ከደነችው። «ምንም። አቧራ ነው።»

ከሚ ተጠግታ ጎንበስ አለች። ማንበብ አትችልም። «ስሟ የቱ ጋ ነው?»

ሄኑት በሌላ እጇ አሳየቻት። ከሚ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የፈራች ትመስል ነበር።

«ሌላውስ ምን ይላል?»

«ዳቦ። ቢራ። ደስ የሚል ነፋስ።»

«አባዬ እንቅልፍ የለውም» አለች ከሚ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚያም እባብ ቢያገኛትስ እያለ ይገላበጣል። እኔ ግን ‹የጻፈችላት ሄኑት ናት፣ አትስጋ› አልኩት። ትናንት ትንሽ ተኛ።»

ሄኑት መዳፏን እባቡ ላይ አጥብቃ ጫነች።

«በሉ፣ እናንሣው!» አለ አንኩ። ከሚ ቦታ ልትለቅ ፈቀቅ አለች። ሰንቢ ጫፉን ሊይዝ መጥቶ የሄኑትን መዳፍ አየ፤ ከመዳፏ ሥር የወጣውን ጅራትም አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ዝም በዪ» አላት በጆሮዋ። «ክዳኑ ይዘጋል፣ አለቀ። ማን ሊያየው? ጋሼ አንኩ ከሰማ ብሩሽ ሁለተኛ አያስነካሽም።»

እውነቱን ነው። ሄኑት አባቷን አየችው። ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የከሚን አባት ክንዱን ይዞ፣ «የግርጌውን ልጄ ናት የጻፈችው» ይለዋል። የከሚ አባት ዓይኖቹ ቀልተዋል። ፈገግ ሊል ሞከረ።

ሊሸከሙ የመጡት ሰዎች ሣጥኑን ከአራቱም ማዕዘን ያዙት።

«አባዬ፣ አታንሡት!»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ሁሉም ዞሩ። ሰንቢ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አንኩ።

«እባቡን አልቆረጥኩትም።»

አንኩ ገመዱን ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። ከሚ አንዴ ሄኑትን፣ አንዴ አንኩን አየች።

«የትኛውን እባብ?» አለች ከሚ።

ሄኑት መዳፏን አነሣች፤ ከሚ እንድታይም ቦታ ለቀቀችላት።