ስፒከሩ ውስጥ የሚኖሩት

አባትየው እንደሚለው ነገሩ ምንም ማጣራት አያሻውም። ሚጢጢ ወንበር ስባ ወጣች፤ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከዚያ ያንን ሁሉ ውሃ ስፒከሩ ላይ ገለበጠችው። በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ በብረቱ አይቷታል። ደግሞ ፈገግ ብላ ነበር። ይሄ ጥጋብ እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ሚጢጢ እንደምትለው ግን አንዲት ጠብታ እንኳን አላፈሰሰችም። አጠጣች እንጂ።

«ማንን ነው ያጠጣሽው?» አላት አባቷ፣ ስፒከሩን ዘቅዝቆ እያራገፈ።

ሚጢጢ ከንፈሯን ጥብቅ አድርጋ ገጥማ ወደ አክስቷ አየች። ገና አራት ዓመቷ ነው፤ አፏን ስትዘጋ ጉንጮቿ ይነፋሉ።

አክስቷ፣ የአባትየው ታናሽ እህት፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናታቸው ልብስ የምትሰፋበት ክፍል ውስጥ ተንበርክካ ወለሉን እያደረቀች ነበር። ማን እንደጠጣ ታውቃለች። ግን ቀና አላለችም።

ነገሩ የጀመረው ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን ነው። አክስቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹፌሩ ወንድሟ አውቶቡሱን ይዞ ወጥቷል፤ እናቷ ማሽኑ ላይ አቀርቅራለች። ሁለቱ ልጆች የወንድሟን ስፒከር ይዘው ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። ከላይ የተንጠለጠለው ያላለቀ ቀሚስ እስከ ወለሉ ስለሚወርድ ውስጡ አንድ ቀን አረንጓዴ፣ አንድ ቀን ወይን ጠጅ ነው። እዚያ ተኝተው «የማክሰኞ ልጆች» የተባለውን ባንድ ይሰማሉ። የማሽኑ ድምፅ፣ የዝናቡ ድምፅና የባንዱ ድምፅ ይቀላቀሉና የትኛው የት እንዳለቀ አይታወቅም።

«የት ናቸው?» አለች አንድ ቀን ሚጢጢ።

«እዚሁ ውስጥ። ድራመሩ ታች ነው፣ ወፍራም ስለሆነ። ጊታሮቹ መሃል። ዘፋኙ ደግሞ እዚች ትንሿ ክብ ጋ ቆሞ እኛን ያየናል።»

«እኔንም?»

«በደንብ! ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ምስጢር ነው።»

ቀልድ ነበር። ቀኑ በሄደ ቁጥር ግን ለአክስቷ ለራሷም ቀልድ ቀልድ አልመስላት አለ። የክፍሏ ልጆች ዘፈኑን እስከ አዝማቹ ሰምተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሚጢጢ ጆሮዋን የስፒከሩ ወንፊት ላይ ለጥፋ፣ አፏን ከፍታ፣ እስከ መጨረሻው ትሰማለች።

«አክስቴ፣ ሰውዬው “ህህ” አለ።»

«መቼ?»

ወደኋላ መልሰው ሰሙት። እውነትም ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ዘፋኙ አየር ይስባል፤ ደረቅ፣ ሻካራ ትንፋሽ ነው። አክስቷ መቶ ጊዜ የሰማችው ዘፈን ነው፤ ያቺን ትንፋሽ ግን አንድም ቀን ልብ ብላት አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑን የምትከፍተው ያቺን ትንፋሽ ለመጠበቅ ሆነ።

«ጠምቶታል» አለች ሚጢጢ።

«ይሆናል» አለች አክስቷ፣ ዓይኗን ጨፍና።

ይሄ የሆነው ትናንት ነው።

«አለቀለት» አለ አባትየው፣ የስፒከሩን ቁልፍ አሥር ጊዜ ተጭኖ። «ሞቷል በቃ!»

ሚጢጢ የታመቀ አፏ ተከፈተና እሪ አለች። እስካሁን ሲቆጣት ያላለቀሰች ልጅ እንባዋ አገጯ ድረስ ወረደ።

«አሁን ነው የገባሽ? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ድርሽ እንዳትዪ! ሰማሽኝ? ሙዚቃ የሚባል ነገር ለአንቺ ቀረ!»

ሚጢጢ ሮጣ ሄዳ የአክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ትኩስ ትንፋሿ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

«ዋና ይችላሉ?»

የአክስቷ እጅ ጨርቁን እንደጨበጠ ቀረ። ግድግዳው ላይ፣ ከክሮቹ መደርደሪያ በላይ፣ ሁለት ትኬቶች በመርፌ ተሰክተዋል። ቅዳሜ ከሰዓት «የማክሰኞ ልጆች» በወጣቶች አዳራሽ ይጫወታሉ፤ ወንድሟ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው እነዚያን ትኬቶች ነው። አሁን ዝም ብትል ቅዳሜ አይቀርባትም፤ ከተናገረች ግን ይቀርባት ይሆናል።

«ጋሼ፣ እሷን አትቆጣት» አለች። «እኔ ነኝ የነገርኳት።»

«ምኑን?»

«ዘፋኞቹ ስፒከሩ ውስጥ ይኖራሉ ብዬ። አንዱ ጠምቶት መስሏት ነው። ምስጢር ነው ስላልኳት እኮ ነው ያልነገረችህ።»

«ዋሽተሽ ነዋ! አንቺ ደግሞ ትልቅ ሰው መስለሽኝ...» አለና አልጨረሰውም። ከስፒከሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ አየ፤ ልጁን አየ። «እና ምስጢሩን ብላ ነው ይሄን ሁሉ ቁጣ የቻለችው?»

«አዎ። አሁን የሰጠሙ መስሏታል።»

ወንድሟ ስፒከሩን ቀስ አድርጎ፣ ሰው እንደሚያስተኛ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አክስቷ ሚጢጢን እንዳቀፈች ተነስታ ከግድግዳው የራሷን ትኬት ነቀለች። ወረቀቱ እርጥብ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

«ዋና ይችላሉ» አለቻት፣ ወንድሟም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ወጥተዋል። ቅዳሜ ከአባትሽ ጋ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ፊት ተቀመጪና ዘፋኙ ውሃ ሲጠጣ እዪው፤ ስትመጪ ትነግሪኛለሽ።»